ክንድ አስሮ የመረመረው ሐኪም
የዊልያም ሐርቪ ሕይወት ባጭሩ

እኛ ተማሪዎች ለፈተና የምናጠናውን ነገር ከደብተራችን ላይ እንጂ ከገዛ ሰውነታችን ላይ ፈልገነው አናውቅም። እስቲ ይህን ገጽ የሚያነብ ጓደኛችን እጅጌውን ይሰብስብና፣ ክንድ ሲታጠፍ ከሚያብጠው ጡንቻ አጠገብ፣ በውስጥ ጎን በኩል ያለውን ስርጉድ በጣቶቹ ጫን አድርጎ ይዳስስ። ከጣቶቹ በታች የሚመታው የላይኛው ክንድ ዋና ደም ቅዳ ነው። ከብብት ተነሥቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ በመንገዱ ከኋላ ላሉት ጡንቻዎች ቅርንጫፍ ይሰጣል፤ ከክርን መታጠፊያ ጥቂት ዝቅ ብሎም ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በአውራ ጣት በኩል፣ ሌላው በትንሿ ጣት በኩል ወደ መዳፍ ይሄዳል።

ዛሬ የምናወሳው ሰው በዚህ ክንድ ላይ ባሰረው ጨርቅ ምክንያት 1400 ዓመት ያህል የቆየ ትምህርት ሊፈርስ በቅቷል። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ዊልያም ሐርቪ በ1578 ፎክስተን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በካንተርበሪና በካምብሪጅ ከተማረ በኋላ በዘመኑ ለሕክምና ትምህርት ስሟ ወደ ገነነው ወደ ፓዱዋ፣ ወደ ኢጣልያ፣ ተሻገረ። በዚያም ፋብሪሲዩስ ከተባለው ታላቅ የአካል ጥናት መምህር እግር ሥር ተቀምጦ ተማረና በ1602 የሕክምና ዶክተር ሆነ።

በዚያን ዘመን የሚሰጠው ትምህርት ከጥንቱ ሐኪም ከጋሌን የወረደ ነበር። ደም ከምግብ ተነሥቶ በጉበት ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያም እንደ መስኖ ውሃ ወደ አካላት ሁሉ ፈስሶ እዚያው ያልቃል ይባል ነበር። ተመልሶ ይመጣል የሚል አልነበረም ማለት ይቻላል። ደም ከልብ በሳንባ በኩል አልፎ ወደ ልብ እንደሚመለስ የካይሮው ሐኪም ኢብን አል ናፊስ በ13ኛው መቶ ዓመት ጽፎ ነበር፤ የእርሱ ጽሑፍ ግን በአውሮፓ የታወቀ አልነበረም። ፋብሪሲዩስም ቢሆን ቫልቭ የሚባሉትን በደም መልስ ውስጥ ያሉ ትንንሽ መዝጊያዎች በዓይኑ አይቶ በ1603 መጽሐፍ አሳተመባቸው። ነገር ግን የጋሌንን ትምህርት ስለያዘ፣ መዝጊያዎቹ ደም ወደ እጅና እግር በብዛት እንዳይወርድ ያዘገዩታል ብሎ ተረጎማቸው። ያየው እውነት ነው፤ የተረጎመው ግን በተማረው ነው።

ሐርቪ ወደ አገሩ ተመልሶ በ1609 በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። በ1616ም በሐኪሞች ኮሌጅ ስለ አካል ጥናት ማስተማር ጀመረ። ያስጨነቀው ነገር ቀላል የሒሳብ ጥያቄ ነበር። ልብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከሺህ ጊዜ በላይ ይመታል። በያንዳንዱ ምት ጥቂት ደም ብቻ ቢያስወጣ እንኳ ድምሩ በሰውነት ካለው ደም ሁሉ ይበልጣል። ይህን ያህል ደም በየግማሽ ሰዓቱ የሚያስገኝ ምን ዓይነት ምግብ ነው?

ስለዚህ ክንድ አሰረ። ጨርቁ በጣም ሲጠብቅ ደም ቅዳው ይዘጋል፤ የእጅ አንጓ ትርታ ይጠፋል፤ እጅም እየቆየ ይቀዘቅዛል፤ ከጨርቁ በላይ ግን ደም ቅዳው ተወጥሮ ይመታል። ጨርቁን ጥቂት ሲያላላው በጥልቅ ያለው ደም ቅዳ ይከፈታል፤ ከቆዳ ሥር ያሉት ደም መልሶች ግን እንደተዘጉ ይቆያሉ። ያን ጊዜ እጅ ይቀላል፤ ደም መልሶቹም ከጨርቁ በታች ይነፋሉ፤ መዝጊያዎቹ ያሉበት ቦታ እንደ ቋጠሮ ጎልቶ ይታያል። ሐርቪ ደሙን በጣቱ ወደ ላይ ሲገፋው ያልፋል፤ ወደ ታች ሊመልሰው ሲሞክር ግን መዝጊያው እምቢ ይላል። እንግዲህ ደም በደም ቅዳ ይወርዳል፤ በደም መልስ ወደ ልብ ይመለሳል፤ መንገዱም ክብ ነው።

ይህን ለባልደረቦቹ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሲያሳይ ከቆየ በኋላ በ1628 በፍራንክፈርት 72 ገጽ ያላት የላቲን መጽሐፍ አሳተመ። ዋጋውንም ከፈለ። ሐኪሙ አእምሮው ተነካ የሚል ወሬ ተነዛና በሽተኞች እንደራቁት ይነገራል። የፓሪሱ መምህር ሪዮላን ተቃወመው፤ ሐርቪም በ1649 መልስ ጻፈ። የንጉሥ ቻርልስ ሐኪም ስለነበረ በ1642 በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ በለንደን የነበረው መኖሪያው ተዘረፈ፤ የብዙ ዘመን የምርመራ ጽሑፉም ጠፋ። ቡና በለንደን ገና ሳይለመድ ወንድሙና እርሱ ይጠጡ ነበር ይባላል፤ ይህስ ለእኛ ያቀርበዋል። በ1657 በ79 ዓመቱ አረፈ።

አንድ ነገር ግን ሳያይ ሞተ። ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርባቸው ቀጫጭን ሥሮች ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ ያያቸው በ1661 ነው። ሐርቪ መኖራቸውን ያላየውን ድልድይ ሒሳቡና ክንዱ አስገድደው አሳመኑት። ያ ጨርቅም አልተጣለም። በ1896 ኢጣልያዊው ሪቫ ሮቺ በአየር የሚነፋ መጠምጠሚያ አድርጎ የደም ግፊት ለካበት፤ በ1905 ደግሞ ሩሲያዊው ኮሮትኮፍ በዚያው በክንድ ደም ቅዳ ላይ ማዳመጫ አኖረ።

እኛ በአማርኛችን ደም ቅዳና ደም መልስ ብለን ስንጠራቸው ሐርቪ ዕድሜውን የፈጀበትን ነገር በሁለት ቃል እንጨርሰዋለን። መታደል ነው፤ አደጋም አለበት። ጥያቄውን ሳይጠይቅ መልሱን የተቀበለ ተማሪ መምህሩ የተሳሳተ ዕለት አብሮ ይሳሳታልና። ሐርቪ መምህሩን አልናቀም፤ መምህሩ ያሳየውን መዝጊያ ይዞ መምህሩ ያልደረሰበት ደረሰ እንጂ። እኛስ በዚህ ዓመት ከጻፍነው ማስታወሻ ውስጥ በእጃችን ዳስሰን ያረጋገጥነው ስንቱን ነው?