ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን፦ በትንሽ አውሮፕላን ለተራበ እህል ያወረዱ ስዊድናዊ

ከኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ ጋር ስማቸው ተያይዞ ከሚነሳ የውጭ ሀገር ዜጎች መካከል ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ለቁስለኛ ሐኪም አድርሰዋል፤ ወጣቶችን አብራሪነት አሰልጥነዋል፤ ለተራበ ወገን እህል ከሰማይ አውርደዋል። ይህን ሁሉ የፈጸሙት በአብዛኛው በትንንሽ አውሮፕላኖች ነው። የሕይወት ታሪካቸው፣ ጥቂት ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን በማን እጅ ስትገባ ምን ልትሠራ እንደምትችል ያሳያል።

ቮን ሮዘን የተወለዱት ነሐሴ 13 ቀን 1901 ዓ.ም በስዊድን ሀገር፣ ሶደርማንላንድ በተባለው ግዛት ነው። ካውንት የሚለው መጠሪያ በአውሮፓ የመሳፍንት ማዕረግ ሲሆን ከአባታቸው የወረሱት ነበር። አባታቸው ካውንት ኤሪክ ቮን ሮዘን ባለጸጋና ተጓዥ አሳሽ ነበሩ። አፍሪካን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጠዋል። ቤተሰቡ በሐይቅ ዳር በቆመው ሮክልስታድ በተባለ ግንብ ይኖር ነበር።

አውሮፕላን ወደዚህ ቤተሰብ የገባው ገና ማለዳ ላይ ነው። በ1910 ዓ.ም ፊንላንድ ነጻነቷን ባወጀች ማግሥት አባትየው አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ለዚያች ሀገር ጦር በስጦታ ሰጡ። የፊንላንድ አየር ኃይል ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህች ስጦታ ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በየካቲት 1912 ዓ.ም፣ ካውንት ኤሪክ ከስቶክሆልም ወደ ቤታቸው ለመመለስ ሲነሱ የበረዶ አውሎ ነፋስ አገጠማቸው። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። እርሳቸውም በዛሬው አነጋገር አውሮፕላን ኮንትራት ያዙ። ለአንድ መንገደኛ ሲባል ብቻ የተነሳችው ትንሽ አውሮፕላን በአስቸጋሪ አየር ውስጥ በርራ ከግንቡ አጠገብ በበረዶ በረጋው ሐይቅ ላይ አረፈች።

የዚያች አውሮፕላን አብራሪ ጀርመናዊው ኸርማን ጎሪንግ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪ የነበረው ይህ ሰው፣ ሀገሩ ስትሸነፍ በስዊድን ለኪራይ እያበረረ እንጀራውን ይፈልግ ነበር። በዚያች ሌሊት በግንቡ ውስጥ የካውንቱን ባለቤት እህት ካሪንን ተዋወቀ፤ ከዓመታት በኋላም አገባት። ጎሪንግ ኋላ ከሂትለር ቀኝ እጆች አንዱና የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። በዚህም ምክንያት ወጣቱ ካርል ጉስታፍ የአክስታቸው ባል ሆኖ አገኙት። አባታቸውም ወደ ናዚ አስተሳሰብ አዘንብለው ነበር። ልጁ ግን የተጓዙት በሌላ መንገድ ነው።

ካርል ጉስታፍ በትምህርት ገበታ ሳይሆን በሞተርና በክንፍ ላይ ልባቸውን የጣሉ ወጣት ነበሩ። የአብራሪነት ፈቃድ ካገኙ በኋላ በአየር ላይ ትርዒት እያሳዩ ሙያቸውን አዳበሩ። የትርዒት አብራሪ ዝቅ ብሎ መብረርን፣ በጠባብ ሜዳ ማረፍን፣ ብልሽትን በገዛ እጅ መጠገንን ይማራል። ይህ ልምድ ብዙም ሳይቆይ በኢትዮጵያ ምድር ለቁም ነገር ዋለ።

ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ላከ። ቮን ሮዘንም የአምቡላንስ አውሮፕላን አብራሪ ሆነው በ1928 ዓ.ም መጡ። ያኔ ከጦር ግንባር እስከ አዲስ አበባ ያለው ጉዞ በእግርና በበቅሎ ሳምንታትን ይፈጅ ነበር። ቁስሉ ያመረቀዘ ወታደር ደግሞ ሳምንታትን አይጠብቅም። ትንሿ አውሮፕላን ድንጋዩ በተለቀመለት ሜዳ ላይ አርፋ መድኃኒት ታወርዳለች፤ ስትመለስ ቁስለኛ ይዛ ትነሳለች።

ይሁንና የቀይ መስቀል ምልክት ከጠላት ቦምብ አላዳነም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን የመስክ ሆስፒታል በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። በመጋቢት ወር ደግሞ ከማይጨው ጦርነት ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ቮን ሮዘን የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ልዑክ የነበሩትን ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ዶክተር ማርሴል ጁኖድን ይዘው ወደ ኮረም በረሩ። በዚያም አውሮፕላናቸው መሬት ላይ ሳለች በጠላት ተመትታ ወደመች። በመርዝ ጋዝ ቆዳው የተቃጠለውን ሕዝብ ሥቃይ ያዩትም በዚያው ዘመቻ ነው። ያ ትዝታ በቀሪው ዕድሜያቸው ሁሉ ወደ ኢትዮጵያ እየመለሰ አመጣቸው።

ከኢትዮጵያ ሲመለሱ በኔዘርላንድስ አየር መንገድ በአብራሪነት ተቀጠሩ። በ1932 ዓ.ም ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ግን ሥራቸውን ትተው ዘመቱ። አባታቸው እንዳደረጉት ሁሉ ልጅም አውሮፕላኖች ገዝተው ለፊንላንድ ሰጡ። አንዷ የመንገደኞች አውሮፕላን ነበረች፤ ቦምብ እንድትጥል ተደርጋ ተሻሽላ ራሳቸው አበረሯት። ጀርመን ኔዘርላንድስን ከወረረች በኋላ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ለመዋጋት አመለከቱ። ከጎሪንግ ጋር ያላቸው ዝምድና ግን ጥያቄያቸውን ውድቅ አስደረገው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አየር ኃይላቸውን እንደገና ለማደራጀት ስዊድናውያንን ጠሩ። ቮን ሮዘን ከ1938 ዓ.ም ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በቢሾፍቱ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል አደራጅተው መሩ። ለጀማሪ ሠልጣኞች የመረጡላቸው ሳፊር የተባለችውን ባለ አንድ ሞተር የስዊድን አውሮፕላን ነበር። በግንቦት 1939 ዓ.ም አንዷን ሳፊር ራሳቸው ከስቶክሆልም አስነስተው፣ በመንገድ ሳያርፉ፣ ከ30 ሰዓት በላይ በርረው አዲስ አበባ ገቡ። ሦስት ሰው ብቻ የምትይዝ አውሮፕላን ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በአንድ በረራ መጓዟ በዘመኑ የዓለምን ትኩረት ሳበ።

የኢትዮጵያ ደጋ ለአብራሪ ጥብቅ መምህር ነው። መሬቱ ከባሕር ጠለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሳበት ኃይል ይደክማል። ፀሐይ በጠነከረች ጊዜ ችግሩ ይብሳል። በቆላ ምድር በአጭር ሜዳ የምትነሳው አውሮፕላን በደጋ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ትሻለች፤ ወይም ጭነቷን መቀነስ ይኖርባታል። ስለዚህ በማለዳ መነሳት፣ ጭነትን መዝኖ መጫን፣ የነፋሱን አቅጣጫ ለይቶ ማረፍ በደጋው ላይ የሕይወት ጉዳይ ነው። በቢሾፍቱ የሠለጠኑ ወጣቶች የተማሩት እንዲህ ባለው ሰማይ ሥር ነው።

ቮን ሮዘን በ1948 ዓ.ም ከኢትዮጵያ ወጥተው ወደ ሲቪል በረራ ተመለሱ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ስማቸው በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ዳግም ተሰማ። ከናይጄሪያ ለመገንጠል የተዋጋችው ቢያፍራ ተከብባ ሕፃናት በረሃብ ያልቁ ነበር። በነሐሴ 1960 ዓ.ም ቮን ሮዘን ከዛፍ አናት ብዙም ሳይርቁ ዝቅ ብለው በመብረር ከበባውን ጥሰው የእርዳታ ጭነት አስገቡ።

ቀጥሎ ያደረጉት ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኤም ኤፍ አይ 9 የተባሉ፣ ለመዝናኛና ለልምምድ የተሠሩ አምስት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች ተገዙ። በጋቦን ሮኬት ተገጠመላቸው። ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም ቮን ሮዘን እየመሯቸው በፖርት ሃርኮርት አየር ማረፊያ ላይ ጥቃት ከፈቱ፤ ሌሎች ጥቃቶችም ተከተሉ። እነዚያ አውሮፕላኖች የቢያፍራ ሕፃናት የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ደጋፊዎቻቸው የተራበን ሕዝብ ከአየር ድብደባ እንደ መከላከል ቆጠሩላቸው። ነቃፊዎቻቸው በበኩላቸው የእርዳታ ሰው መሣሪያ ሲያነሳ በሌሎች የእርዳታ በረራዎች ላይ አደጋ ይጋብዛል ብለው ወቀሷቸው። ቢያፍራም በመጨረሻ ተሸነፈች።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያ በድርቅና በረሃብ ስትመታ ቮን ሮዘን ዕድሜያቸው ስድሳውን አልፎ ነበር። የወቅቱ ችግር የእህል እጥረት ብቻ አልነበረም፤ እህሉ ቢገኝም ወደ ተራበው ሰው የሚያደርስ መንገድ አልነበረም። የጭነት መኪና ከዋናው መንገድ ወጥቶ ገደል አይወጣም። የአጋሰስ ከብትም በድርቁ አልቋል። ትልቅ አውሮፕላን ደግሞ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ እንደልቡ ዞሮ መውጣት አይችልም።

ቮን ሮዘን ለዚህ ያመጡት መላ በቢያፍራ ከተጠቀሙባቸው አውሮፕላኖች ጋር የሚዛመዱ፣ ያው መሐንዲስ የነደፋቸው ትንንሽ የስዊድን አውሮፕላኖችን ነበር። በክንፋቸው ሥር መሣሪያ ሊሸከም የሚችለው ማንጠልጠያ በዚህ ጊዜ እህል ተሸከመ። አብራሪው ሸለቆውን ተከትሎ ይገባል፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ዝቅ ይላል፤ ጭነቱን ከመንደሩ አጠገብ ለቅቆ ቀና ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከከፍታ የተለቀቀ ጆንያ መሬት ሲመታ ይፈነዳል፤ ሰው ላይ ቢወድቅም ይገድላል። አንድ ትንሽ አውሮፕላን በአንድ ጉዞ የምታደርሰው እህልም ከጭነት መኪና ጋር አይወዳደርም። ነገር ግን መኪናው በማይደርስበት ቀዬ፣ እስከ ቀጣዩ ዝናብ የሚያቆይ ጥቂት እህል ቤተሰብን ከስደት፣ ገበሬን ከእርሻው ከመነቀል ሊታደግ ይችላል።

እኚህ ሰው የመጨረሻ ሥራቸውንም የሠሩት በኢትዮጵያ ነው። በ1969 ዓ.ም ክረምት በኦጋዴን፣ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ዳር በምትገኘው ጎዴ ከተማ በእርዳታ ሥራ ላይ ነበሩ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ወረራ ሲጀምር ጎዴ ጥቃት ደረሰባት። ቮን ሮዘን በዚያ ጥቃት ተገደሉ። አርባ ዓመት ያህል ከጦርነት ሰማይ በሕይወት የተመለሱት አብራሪ የሞቱት መሬት ላይ ሳሉ ነው። የ67 ዓመት አዛውንት ነበሩ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በአዲስ አበባ ተፈጸመ።

ዛሬም ትንሽ አውሮፕላን መከራየት ወይም መግዛት የጥቂቶች አቅም ነው። ተከራዩ የሚከፍለው ለመቀመጫው ሳይሆን ለአውሮፕላኑ የበረራ ሰዓት በመሆኑ ባዶውን ለሚመለስበት ጉዞም ጭምር ያወጣል። ገዢው ደግሞ ከዋጋው በላይ የነዳጅ፣ የመካኒክ፣ የማቆሚያና የየጊዜው ምርመራ ወጪ ይጠብቀዋል። ካውንት ኤሪክ በ1912 ዓ.ም ያን ወጪ የከፈሉት በአውሎ ነፋስ ከቤታቸው ላለመቅረት ነበር። ልጃቸው ያንኑ ዓይነት አውሮፕላን መንገድ ወደሌለው የገበሬ ቀዬ ወሰዱት።