ጆን ሜይናርድ ኬንስ

ጆን ሜይናርድ ኬንስ (ግንቦት 29 ቀን 1875 – ሚያዝያ 13 ቀን 1938 ዓ.ም.) እንግሊዛዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ፣ የመንግሥት አማካሪና ባለሀብት ነበር። ስሙ በብዛት የሚነሳው ሥራ አጥነት በበዛበት ዘመን መንግሥት ወጪውን በመጨመር ኢኮኖሚውን ማነቃቃት አለበት በሚለው ትምህርቱ ነው። ከዚህ ያነሰ የሚታወቀው፣ ከሃያ ዓመት በላይ የአንድ ኮሌጅን ገንዘብ ማስተዳደሩና ከ1929ኙ የገበያ ውድቀት በኋላ የኖረበትን የኢንቨስትመንት ዘዴ ትቶ በሌላ መተካቱ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ኬንስ በ1883 በካምብሪጅ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ኔቪል ኬንስ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እናቱ ፍሎረንስ አዳ ኬንስ በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ሆናለች። በኢተን ከተማረ በኋላ በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ሒሳብ አጠና። ለሁለት ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ በሕንድ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠርቶ ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ ገንዘብ ሚኒስቴር አገለገለ። በ1919 በጀርመን ላይ የተጣለው የጦር ካሳ ከአቅሟ በላይ ነው ብሎ ከፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ሥራውን ለቀቀ፤ በጉዳዩ ላይ በዚያው ዓመት ያወጣው መጽሐፍም በብዙ አገሮች ታዋቂ አደረገው።

የመጀመሪያው ኪሳራ

በዚያው በ1919 ኬንስ በውጭ ምንዛሪ መነገድ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ጦርነቱ ያዳከማቸው የጀርመን፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ገንዘቦች ይወድቃሉ፣ ዶላር ይወጣል። የራሱን ብቻ ሳይሆን የዘመዶቹንና የወዳጆቹን ገንዘብ፣ ተበድሮም ጭምር፣ በዚህ ግምት ላይ አዋለ። መጀመሪያ አተረፈ። በ1920 ጸደይ ግን እነዚያ ገንዘቦች ለጥቂት ሳምንታት አንሰራሩና ያለው ሁሉ ተጠራርጎ ሄደ። ከውድቀት ያተረፉት ከአንድ ባለጸጋ የባንክ ሰው የተበደረው 5 ሺህ ፓውንድና ከመጽሐፉ አሳታሚ በቅድሚያ ያገኘው ክፍያ ናቸው። ግምቱ ውሎ አድሮ ትክክል ሆነ፤ ማርክም ፈጽሞ ወደቀ። ነገር ግን በብድር የሚነግድ ሰው ትክክል እስኪሆን ድረስ የሚቆይበት አቅም ያስፈልገዋል፤ ኬንስ ያ አቅም አልነበረውም። ያም ሆኖ ንግዱን አልተወም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዕዳውን ከፍሎ እንደገና ሀብት አፈራ።

የኮሌጁ ገንዘብ አስተዳዳሪ

በ1924 የኪንግስ ኮሌጅ ዋና የገንዘብ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ እስከ ሞቱም በዚሁ ሥራ ቆየ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ኮሌጆች ሀብት በአመዛኙ የእርሻ መሬትና ቋሚ ወለድ የሚከፍል ቦንድ ነበር። አክሲዮን የቁማር ያህል ይታይ ስለነበር ለተቋም ገንዘብ የሚመጥን አይመስልም ነበር። ኬንስ ኮሌጁን አሳምኖ ከመሬቱ የተወሰነውን አሸጠ። በ30 ሺህ ፓውንድ ገደማ የተጀመረ፣ እሱ እንደ ፈቀደ የሚያዝበት አንድ ፈንድም ነበር። አብዛኛውን የዚህን ፈንድ ገንዘብ ወደ አክሲዮን፣ ከፊሉንም ወደ ምንዛሪና ሸቀጥ አዞረ።

በ1920ዎቹ የተከተለው ዘዴ የኢኮኖሚውን መውጣትና መውረድ አስቀድሞ መተንበይ ነበር። የወለድ መጠንን፣ የብድር ሁኔታንና የሸቀጦችን ክምችት እያጠና፣ ገበያው ሊወድቅ ሲል መሸጥ፣ ሊነሳ ሲል መግዛት ይፈልግ ነበር። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነው ተብሎ ቢታሰብ አያስደንቅም። ውጤቱ ግን በእነዚያ ዓመታት ከብሪታንያ አጠቃላይ የአክሲዮን ገበያ ያነሰ ነበር።

የ1929 ውድቀትና የሐሳብ ለውጥ

ኬንስን የጎዳው የኒው ዮርክ ገበያ መናጋት ብቻ አይደለም። ጉዳቱ ቀድሞ ጀምሯል። በ1928 እንደ ጎማ፣ ጥጥና ቆርቆሮ ባሉ ሸቀጦች ላይ የያዛቸው ውሎች ዋጋቸው ወደቀ፤ ኪሳራውን ለመሸፈንም አክሲዮኖቹን መሸጥ ግድ ሆነበት። በ1927 መጨረሻ 44 ሺህ ፓውንድ ገደማ የነበረው የግል ሀብቱ በ1929 መጨረሻ ወደ 8 ሺህ ፓውንድ ወረደ። የዘመኑ ታላቅ የኢኮኖሚ ሊቅ ታላቁን ቀውስ አስቀድሞ አላየውም።

ብዙ ባለሀብቶች ከዚህ በኋላ ከአክሲዮን ሸሹ። ኬንስ አልሸሸም፤ ጥያቄውን ግን ለወጠ። ገበያው ነገ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ትቶ፣ ይህ ድርጅት በእርግጥ ምን ያህል ያወጣል ብሎ መመርመር ያዘ። ገበያን በጊዜ ለመቅደም የሚሞክር ሰው ሁለት ጊዜ ትክክል መሆን አለበት፤ ሲሸጥም ሲገዛም። ኬንስ ይህን በተከታታይ የሚያደርግ ሰው አላየም፤ የሚሞክሩት አብዛኞቹ ዘግይተው ይሸጣሉ፣ ዘግይተው ይገዛሉ፣ በመካከሉም ለደላላ ብዙ ይከፍላሉ ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ።

ስለዚህ በደንብ ያጠናቸውን ጥቂት ድርጅቶች፣ ዋጋቸው ከእውነተኛ አቅማቸው በታች ሲሆን ገዝቶ ለዓመታት መያዝ ጀመረ። ከእነዚህ መካከል የመኪና አምራቹ ኦስቲን፣ የጭነት መኪና አምራቹ ሌይላንድና የደቡብ አፍሪካው የወርቅ ማዕድን ኩባንያ ዩኒየን ኮርፖሬሽን ይገኙበታል። አንድ የማያውቁትን ድርጅት በሌላ ሃያ በማያውቁት መደገፍ ከአደጋ አያድንም ብሎ ያምን ነበር። የሚያድነው የአደጋዎቹ ዓይነት መለያየት ነው፤ ወርቅን ከፋብሪካ አክሲዮን ጎን ያስቀመጠውም አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊነሳ ስለሚችል ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ብዙ ገበሬዎች መሬታቸውን ለከሰል በሚውለው ዲከረንስ ዛፍ ሸፍነው ጥሩ ገቢ አግኝተውበታል። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ገባ። ዲከረንስን በአምስት የተለያዩ ማሳዎች የተከለ ገበሬ በቁጥር አምስት ይኑረው እንጂ በኬንስ ሒሳብ ያለው አንድ አደጋ ነው። ከዛፉ ጎን ድንችና ከብት ያለው ግን ሌላ ነው።

የ1937 ፈተና

አዲሱ ዘዴ ፍሬ አፈራ። በ1936 የግል ሀብቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። በዚያው ዓመት ባሳተመው ዋና መጽሐፉ ውስጥም ለአክሲዮን ገበያ አንድ ምዕራፍ ሰጠ፤ የገበያ ሰዎች የሚደክሙት የድርጅቱን ዋጋ ለማወቅ ሳይሆን ሌላው ሰው ምን ይገምታል የሚለውን ለመገመት ነው ሲል ተከራከረ።

በ1937 እና በ1938 ገበያው እንደገና ወደቀ። ኬንስ አሁንም የተበደረው ገንዘብ ነበረበትና ሀብቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ከብድር የመነገድ ልማዱን ከ1920 ወዲህም ፈጽሞ አለመተዉ የሚያስወቅሰው ነው። ጤናውም በ1937 በልብ ሕመም ተናግቶ ነበር። በሊቀመንበርነት ይመራው በነበረው ናሽናል ሚውችዋል የሕይወት መድን ድርጅት ባልደረቦቹ ለምን ቀድሞ አልተሸጠም ብለው ተቹት። እሱ ደግሞ ዋጋው ከወደቀ በኋላ ሁሉም ተሯሩጦ ቢሸጥ ውድቀቱን ከማባባስ በቀር ጥቅም የለውም፣ ጽኑ ባለሀብት ኪሳራን በወረቀት ላይ እያየም መያዝ አለበት አለ። ስላልተግባቡ በ1938 ሊቀመንበርነቱን ለቀቀ። ኮሌጁ ግን አመነው፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ለኮሌጁ ባቀረበው ማስታወሻ መርሆቹን በጽሑፍ አስቀመጠ።

የኮሌጁን መዝገቦች በቅርብ ዘመን የመረመሩ ተመራማሪዎች እሱ እንደ ፈቀደ ያስተዳደረው ገንዘብ በአማካይ በዓመት 16 በመቶ ገደማ ሲያስገኝ፣ የብሪታንያ ገበያ ያስገኘው ከ10 በመቶ ብዙም የማይበልጥ እንደነበር አስልተዋል። ብልጫው የመጣው ዘዴውን ከለወጠ በኋላ ነው። ኮሌጁ ነገ ገንዘቤን መልስ የማይል ባለቤት መሆኑም በእጅጉ ረድቶታል፤ ለሚቸኩል ባለገንዘብ የሚሠራ ሰው እንዲህ መታገሥ አይችልም ነበር።

የመጨረሻ ዓመታት

ኬንስ በ1925 ሩሲያዊቷን የባሌ ዳንሰኛ ሊዲያ ሎፖኮቫን አግብቶ ነበር፤ ከሕመሙ በኋላ አመጋገቡንና ዕረፍቱን የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች። በሐምሌ 1944 በአሜሪካ ብሬተን ዉድስ በተካሄደው የ44 አገሮች የገንዘብ ጉባኤ የብሪታንያን ልዑካን መራ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ መሠረት የተጣለው እዚያ ነው። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅንም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኝተዋል።

በ1946 በፋሲካ ዕለት ሰሴክስ ውስጥ በሚገኘው የቲልተን ቤቱ በልብ ሕመም ሞተ። 62 ዓመቱ ነበር፤ አባቱም እናቱም በሕይወት ነበሩ። ከ400 ሺህ ፓውንድ በላይ ሀብት፣ ሥዕሎችና የአይዛክ ኒውተንን የእጅ ጽሑፎች ትቶ አለፈ፤ የኒውተን ጽሑፎች ዛሬ የሚገኙት በኪንግስ ኮሌጅ ነው።