ራሱን መግዛት ያቃተው የመንገድ አዛዥ

የባቡር ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት በአሜሪካ ምዕራብ መንገደኛና ፖስታ የሚመላለሰው በፈረስና በበቅሎ በሚሳብ ሠረገላ ነበር። በየመንገዱ እንስሳቱ የሚለወጡባቸው ትናንሽ ጣቢያዎች፣ መንገደኛውም ምግብ የሚያገኝባቸው ተለቅ ያሉ ጣቢያዎች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ በኮሎራዶ ሰሜን፣ በዋዮሚንግ ወሰን አጠገብ ያለው ቨርጂኒያ ዴል ሲሆን፣ ያቋቋመው ጆሴፍ አልፍሬድ ስሌድ ነው። ሰዎች ጃክ ይሉት ነበር።

ስሌድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. በኢሊኖይ ግዛት፣ በካርላይል ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ ለሜክሲኮ ጦርነት ዘመተ። በኋላም የሠረገላው ኩባንያ የረጅም መንገድ አዛዥ አድርጎ ሾመው፤ እርሱም የፈረስ ሌቦችን አሳድዶ ሥራውን በሰዓቱ አስኬደ። በ1860 ጁልስ ቤኒ የሚባል የጣቢያ ሹም በጥይት ደጋግሞ ቢመታውም ከሞት ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ጁልስ በስሌድና በሰዎቹ እጅ ሞተ፤ የስሌድም ስም በየመንገዱ የሚፈራ ሆነ።

በ1861 በዚያ ያለፈው ደራሲው ማርክ ትዌይን፣ ያ የተፈራ ሰው በጨዋነት ተቀብሎ የመጨረሻዋን ቡና እንደ ቀዳለት በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል።

በ1862 መንገዱ ወደ ደቡብ ሲዛወር ስሌድ አዲሱን ጣቢያ ሠራ፤ በሚስቱም ስም ቨርጂኒያ ዴል ብሎ እንደ ሰየመው ይነገራል። ነገር ግን ሌላውን ሁሉ ያዘዘ ሰው መጠጥን ማዘዝ አልቻለም። ሲሰክር ሱቅ ይሰብራል፤ ስካሩ ሲለቀው ይቅርታ ጠይቆ ኪሳራውን ይከፍላል። በዚሁ ጠንቅ ኩባንያው በዚያው ዓመት አሰናበተው።

ከዚያም በሞንታና ወዳለችው ወደ ቨርጂኒያ ሲቲ ሄዶ ዕቃ ማመላለስ ጀመረ፤ ልማዱን ግን አልተወም። በመጋቢት 1864 የከተማው ሰዎች ያቋቋሙት የጸጥታ ኮሚቴ ሰቀለው። በዚያች ከተማ ማንንም አልገደለም ነበር። ሚስቱ ከእርሻቸው ፈረስ እየጋለበች ብትመጣም አልደረሰችለትም። ሲሞት ዕድሜው 33 ዓመት ነበር።

በ1869 ሐዲዱ አገሩን ካቋረጠ ወዲህ የሠረገላው ዘመን አለፈ። የቨርጂኒያ ዴል አካባቢ የከብት እርባታ ሆነ፤ ከግንድ የተሠራውም ጣቢያ ሱቅና ፖስታ ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም ቆሟል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ስሌድ ድፍረትም የሥራ ችሎታም አልጎደለውም ነበር። ይቅርታ መጠየቅንም ያውቅ ነበር። ነገር ግን በማግስቱ ያንኑ ጥፋት ለሚደግም ሰው ይቅርታው እየቀለለ ይሄዳል፤ በመጨረሻም የሚሰማው ያጣል።