ሐዲስ ሐዋርያ በዳሞት ምድር

እግዚአብሔር ሁሉን ማድረግ የሚቻለው አምላክ ሲሆን፥ ፈቃዱን ለሰው ልጅ ለማስታወቅ ስለ ምን መልእክተኛ ይልካል? ልብን የሚመረምር ፈጣሪ እያንዳንዱን ሰው በገዛ ልቡ ሊያስተምረው አይችልምን? ይህን ጥያቄ ወጣቶች ዘወትር ያነሡታል፤ ጥያቄውም የሚናቅ አይደለም። መልሱን በቃላት ክርክር ብቻ ከመስጠት ይልቅ ግን በአንድ በተላከ ሰው ሕይወት ላይ ማየት ይሻላል። ስለዚህም የጻድቁን የአባታችንን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ታሪክ፥ ይልቁንም ዳሞት በተባለው አገር የፈጸሙትን አገልግሎት መርጠናል። በአምቦ፥ በጉደር፥ በጌዶና በጊንጪ የሚኖር ምእመን ይህን ታሪክ ሲሰማ ስለ ሩቅ አገር የሚነገር ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን እርሱ ራሱ ከሚመላለስበት ምድር የራቀ አይደለም።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። በግእዝ ለአከ ማለት ላከ ማለት ነው፤ መልአክ፥ መልእክትና ተልእኮ የሚባሉት ቃላት ከዚሁ ይወጣሉ። ሖረ ማለት ደግሞ ሄደ ማለት ሲሆን ሐዋርያ የተባለው ስም ከዚህ ተገኝቷል። እንግዲህ መልአክም ሐዋርያም በስማቸው የሚታወቁት ከራሳቸው በሆነ ክብር ሳይሆን በላካቸው ጌታና በሚሄዱበት መንገድ ነው። እስራኤል በደብረ ሲና ነጐድጓዱንና ጢሱን ባዩ ጊዜ ፈርተው ርቀው ቆሙ፤ እግዚአብሔር ራሱ እንዳይናገራቸው፥ ሙሴ ግን እንዲነግራቸው ለመኑ። መልእክተኛ የተላከው እግዚአብሔር ስላልቻለ ሳይሆን ሰው ድምፁን መሸከም ስላልቻለ መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ከዚህም የጠለቀ ሌላ ነገር አለ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 እንደ ተጻፈው ለመቶ አለቃው ለቆርኔሌዎስ መልአክ ተገለጠለት፤ መልአኩ ግን ወንጌልን አልሰበከለትም፤ ወደ ኢዮጴ ሰው ልኮ ጴጥሮስን እንዲያስጠራ ብቻ ነገረው። በምዕራፍ 8ም እንዲሁ ለኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መልአክ ፊልጶስን ወደ ጋዛ መንገድ አሰማራው እንጂ ራሱ ሠረገላው ላይ ወጥቶ የኢሳይያስን መጽሐፍ አልተረጐመለትም። ይህ ለምን ሆነ? መልአክ ኃጢአት የሌለበት ስለ ሆነ ስለ ምሕረት ቢናገር ያየውን ይናገራል፤ ሰው ግን ራሱ የተቀበለውን ይናገራል። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ ምሕረትን ያገኘ ሰው ነበርና ለቆርኔሌዎስ የሚነግረው ነገር መልአኩ ሊነግረው የማይችለው ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ታሪክ እንደ ገና ይመጣልና።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በሸዋ፥ በጽላልሽ ምድር፥ ዞረሬ በተባለው ስፍራ ነው፤ የልደታቸውም በዓል ታኅሣሥ 24 ቀን ይከበራል። የልደታቸውን ዘመን በቤተ ክርስቲያን ብዙዎች 1197 ዓ.ም. ይላሉ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ዐሥር ዓመት ያህል ያዘገዩታል። አባታቸው ካህኑ ጸጋ ዘአብ፥ እናታቸው እግዚእ ኀረያ ይባላሉ። ሁለቱም እግዚአብሔርን የሚፈሩና ለድሆች የሚራሩ ነበሩ፤ ልጅ ግን አልነበራቸውም።

በዚያ ዘመን ሞተለሚ የተባለ የዳሞት ንጉሥ ዓባይን ተጐራብቶ ብዙ አገር ይገዛ ነበር። ሃይማኖቱ የክርስቲያን አልነበረም። ሠራዊቱን አስከትሎ ወደ ሸዋ በዘመተ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናትን አጠፋ፤ ሕዝቡንም ማረከ። ጸጋ ዘአብ ከሚያሳድዱት ወታደሮች ሸሽተው ባሕር ውስጥ ገብተው ተሰውረው ዳኑ። እግዚእ ኀረያ ግን ተማረኩ፤ መልካቸው ያማረ ስለ ነበር ለንጉሡ ሚስት እንዲሆኑ ወደ ዳሞት ተወሰዱ። ሠርጉ በተዘጋጀበት ቀን ቅዱስ ሚካኤል ነጥቆ በክንፉ ተሸክሞ ወደ አገራቸው መለሳቸው። ጸጋ ዘአብ ቤተ ክርስቲያን ሲያጥኑ አንዲት በሠርግ ልብስ ያጌጠች ሴት ቆማ አዩ፤ ሚስታቸው መሆናቸውን ያወቁት ቆይተው ነው። ከዚህ በኋላ የተስፋው ልጅ ተፀነሰ፤ ሲወለድም ፍሥሐ ጽዮን ተባለ።

ዳሞት ወዴት ነበረ? ዛሬ ዳሞት ሲባል ሰው የሚያስበው በጎጃም ያለውን ነው፤ የጥንቱ ዳሞት ግን ከዓባይ በስተደቡብ፥ ከሙገር ወንዝ በስተምዕራብ የተዘረጋ ሰፊ መንግሥት እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ይህም ማለት ዛሬ ምዕራብ ሸዋ የምንለው አገር፥ ከጊንደበረት ቆላ እስከ አምቦ ፍልውኃ ያለው ምድር፥ በዚያ መንግሥት ውስጥ ወይም በደጁ ነበረ ማለት ነው። የወላይታ ሽማግሌዎችም ሞተለሚን ከነገሥታቶቻቸው ቀዳሚ አድርገው ይቈጥሩታል፤ በዚያም ዳሞታ የሚባል ተራራ አለ። ሁለቱ ትውፊቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይመስለኝም፤ የንጉሡ ስምና ግዛት ሰፊ እንደ ነበር ያመለክታሉ እንጂ።

ፍሥሐ ጽዮን በአባታቸው እጅ መዝሙረ ዳዊትንና ሌሎችንም መጻሕፍት ተምረው በ15 ዓመታቸው ዲቁና፥ ቆይተውም ቅስና ተቀበሉ። በወጣትነታቸው አደን ይወዱ ነበር። አንድ ቀን በዱር ሲያድኑ ቅዱስ ሚካኤል ተገልጦ ከእንግዲህ ወዲህ የሚያድኑት አራዊትን ሳይሆን ሰውን እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ስማቸውም ተክለ ሃይማኖት እንዲባል አስታወቃቸው። እርሳቸውም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ያላቸውን ሁሉ ለድሆች መጸወቱ፤ የቤታቸውን ደጅ እንደ ተከፈተ ትተው ወጡ። ደጁን አለመዝጋታቸው ትንሽ ነገር አይምሰለን፤ የሚዘጋ ሰው ለመመለስ የሚያስብ ነው።

መጀመሪያ በከተታ ሰበኩ። በዚያ ሕዝቡ ለዛፍ ይሰግድ ነበር፤ ዛፉን በጸሎታቸው ከሥሩ ነቅለው ብዙዎችን አጠመቁ። ከዚያም ፊታቸውን ወደ ዳሞት መለሱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ቅዱስ ሚካኤል እግዚእ ኀረያን ከሞተለሚ ቤት ነጥቆ ባወጣበት ቀን ለንጉሡ ወንጌልን ሊሰብክለት ይችል ነበር። ንጉሡም መብረቁንና ነጐድጓዱን አይቶ በፍርሃት ሊያምን ይችል ነበር። ነገር ግን መልአኩ ያን አላደረገም፤ የተማረከችውን ሴት አወጣና ዝም አለ። ለንጉሡ ነፍስ የሚላከው ገና አልተወለደም ነበርና። ብዙ ዓመት አልፎ የተላከው ያው የዚያች የተማረከች ሴት ልጅ ነው። አባቱን ያሳደደውን፥ እናቱን በግድ ሊያገባ የነበረውን፥ የአገሩን አብያተ ክርስቲያናት ያጠፋውን ሰው ሊያድን የሄደው፥ ሊበቀለው ቢፈልግ ሰው የማይፈርድበት ሰው ነበር። ስለ ምሕረት የሚናገረውን ቃል ሞተለሚ ከእርሱ አፍ ሲሰማ ከመልአክ አፍ ከሚሰማው በላይ የሚያምነው በዚህ ነው። እግዚአብሔር መልእክተኛን የሚመርጠው በአንደበቱ ርቱዕነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙሴን ኰልታፋውን ባልላከም ነበር።

በዳሞት የደረሰባቸው ፈተና በገድላቸው ሰፊ ሆኖ ተጽፏል። የንጉሡ ሰዎች ይዘው በፊቱ አቆሟቸው፤ እርሳቸውም ስለ ሦስትነቱና ስለ አንድነቱ፥ ስለ ወልድ ሰው መሆን አስተማሩ። ጠንቋዮቹ ጥቅማቸው እንዳይቀር ንጉሡን አነሣሡት። ንጉሡም ከገደል እንዲወረወሩ አዘዘ፤ ቅዱስ ሚካኤል ግን እንዳይጐዱ ተቀበላቸው። በሌላ ጊዜ ጦር ሊወረውርባቸው የተነሣው ሰው እጁ ደርቆ ቀረ፤ እርሳቸውም ጸልየው ፈወሱት። መልአኩ በዚህ ሁሉ አልተለየም፤ ሥራው ግን መልእክተኛውን መጠበቅ እንጂ መልእክቱን መናገር አልሆነም። በመጨረሻ ሞተለሚ ከነሠራዊቱ አምኖ ተጠመቀ። እናታቸው በምርኮ በገባችበት አገር ልጅዋ ካህን ሆኖ አጠመቀ። ከዚያም ወዲያው ተነሥተው አልሄዱም፤ ብዙ ዓመት ተቀምጠው አስተማሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በሕዝብ መካከል ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቅ አልተቀመጠም። በጰራቅሊጦስ ዕለት መንፈስ ቅዱስ ሰሚዎቹን ሁሉ ዕብራይስጥ አላስተማራቸውም፤ ሐዋርያትን በሰሚዎቹ ቋንቋ አናገራቸው እንጂ። ዛሬ በምዕራብ ሸዋ አብዛኛው ሕዝብ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው። ከአፄ ቴዎድሮስ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች አንዱ አለቃ ዘነብ በ19ኛው መቶ ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም መድከማቸው የሚመሰገን ነው። ዛሬ ስብከቱም ቅዳሴውም በኦሮምኛ የሚሰማባቸው አጥቢያዎች አሉ፤ ሆኖም አረጋውያን ስብከቱ ሳይገባቸው ስመው ብቻ የሚመለሱበት ስፍራ አሁንም አልጠፋም። የተላከ ሰው ላኪው ዘንድ ታማኝ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ የተላከበት ሰው ካልሰማው መልእክቱ በእጁ እንደ ቀረ ይቈጠራል። ይህን የምለው እኛን ካህናቱን ነው።

በደብረ ሊባኖሱ ገድል ቅደም ተከተል መሠረት ከዳሞት በኋላ የሆነው ነገር ያስደንቃል። ንጉሥ ያጠመቀ ሐዋርያ እንደ ገና ተማሪ ሆነ። ወደ አማራ አገር ሄደው ለአባ በጸሎተ ሚካኤል ታዘዙ፤ ከዚያም በሐይቅ እስጢፋኖስ በአባ ኢየሱስ ሞአ እጅ የምንኵስናን ሥርዓት ተቀበሉ፤ ወደ ትግራይም ወጥተው በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ቆዩ። ከደብረ ዳሞ በገመድ ሲወርዱ ገመዱ ተበጥሶ ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው ሥዕላቸው ሁሉ ያሳያል። ኢየሩሳሌምንም ተሳልመዋል። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው በደብረ አስቦ ዋሻ ተቀመጡ። ይህ ደብር በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ደብረ ሊባኖስ ተብሏል።

በዚያ በዓት ሳይቀመጡ ቆመው በመጸለይ ብዛት አንዱ እግራቸው ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ 7 ዓመት በአንድ እግራቸው ቆሙ። የስባረ ዐፅማቸው በዓል ጥር 24 ነው። በ99 ዓመታቸው ነሐሴ 24 ቀን ዐረፉ። ግብጻውያን ወንድሞቻችንም ቅዱሳን በሚዘከሩበት መጽሐፋቸው ያስቡአቸዋል፤ በስማቸውም ቤተ ክርስቲያን ሠርተዋል። የፍልሰተ ዐፅማቸው በዓል ግንቦት 12 ሲሆን፥ የፋሺስት ጦር በ1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳትና ምእመናን በግፍ የፈጀው ለዚሁ በዓል ሕዝብ በተሰበሰበበት ሰሞን ነበር። በወይኑ አትክልት ምሳሌ ገበሬዎቹ የተላኩትን ባሮች እንደ ገደሉ ማስታወስ እዚህ ላይ የግድ ነው።

ከዕረፍታቸው በኋላ ልጆቻቸው ሥራውን አላቋረጡም። አፄ ዓምደ ጽዮን (1306–1336 ዓ.ም.) ዳሞትን በጦር አስገብረው ነበር፤ በጦር የተገበረ አገር ግን በወንጌል ገና አልተገበረም። በ1330 ዓ.ም. ገደማ ከግብጽ የመጡት ጳጳስ አቡነ ያዕቆብ የደብረ አስቦው አባት አቡነ ፊልጶስ ባሉበት ዐሥራ ሁለት መምህራንን በየአገሩ መደቡ፤ ለዳሞት አድኃኒ፥ ለወረብ አኖሬዎስ ደረሱ። ቍጥሩ ዐሥራ ሁለት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። አቡነ አኖሬዎስና አቡነ ፊልጶስ ንጉሡን ስለ ጋብቻው በመገሠጻቸው ተገርፈው ተሰደዱ፤ አቡነ ፊልጶስም በስደት ሳሉ ዐረፉ። የሞተለሚን አገር ያስተማረ አባት ልጆች በክርስቲያን ንጉሥ እጅ መከራ መቀበላቸው ለሚያነብ ሰው ይከብዳል፤ ቢሆንም ከመልእክተኛ የሚጠበቀው የሚላክበትን ሰው መምረጥ አይደለም።

በሐምሌ 1523 ዓ.ም. የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ደብረ ሊባኖስን አቃጠለ። በዚያው መቶ ዓመት የዳሞት ሕዝብ ብዙው ዓባይን ተሻግሮ በጎጃም ሰፈረ፤ የአገሩንም ስም ይዞ ሄደ። በስተደቡብ የቀረውን ምድር ኦሮሞ ወረሰው። ዳግመኛ ወንጌሉ ወደዚያ በስፋት የተመለሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፤ አፄ ምኒልክ ከተማ ሊያደርጉት በጀመሩት በአዲስ ዓለም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፤ አምቦም ሀገረ ሕይወት ተብላ የተጠራችበት ዘመን ነበረ። በወንጪ ባሕር መካከል ባለችው ደሴት ግን የቂርቆስ ገዳም አለ፤ ምእመናን ዛሬም በታንኳ እየተሻገሩ ይሳለሙታል፤ ወር በገባ በ24ኛውም ቀን በዚያ አገር አጥቢያዎች የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም ይጠራል።