ሻምበል አበበ ቢቂላ መሮጥ ካቆመ በኋላ

ባለፈው ወር ስብሰባችን ላይ አንዷ እህታችን የካዛንቺስ ቤቷ ፈርሶ ሩቅ ሰፈር ከገባች ወዲህ እሷነቷ ራሱ እንደጠፋባት ነገረችን። እንጀራ የምትሸጥላቸው ደንበኞቿ፣ ዕድሯ፣ ዕቁቧ ሁሉ እዚሁ ነበሩ። የምንላት ጠፍቶን ዝም አልን። እኔ ግን ማታ ቤቴ ስገባ ሻምበል አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። ትዝ ያለኝ ሩጫው ሳይሆን መሮጥ ካቆመ በኋላ የኖረው ኑሮ ነው።

አበበ በ1924 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ወጣት ሳለ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እናቶቻችን ለአዲስ ዓመት ሲሰናዱ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ጥቂት ሳምንታት ቢሆነውም ቶኪዮ ላይ ድሉን ደገመው። የኦሊምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

1961 ዓ.ም. ግን ክፉ ዓመት ሆነበት። ጥቅምት ላይ ሜክሲኮ ሲቲ እግሩን አሞት አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ ወሰደው። መጋቢት ላይ ደግሞ አንድ ምሽት ከሸኖ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መኪናው ተገለበጠች። እስኪነጋ ውስጧ ተይዞ አደረ። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወስዶ ለወራት ታከመ፤ እጆቹ ተሻሉ፣ እግሮቹ ግን ዳግም አልቆሙም።

እስቲ አስቡት፤ ዓለም የሚያውቀው በእግሩ ነው። እግሩ ሲሄድ አበበ ማን ነው?

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የጀርባ አጥንታቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ጭምር ያክሙ ነበር። የዛሬው ፓራሊምፒክ መነሻው እዚያ ነው። አበበም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወርና የጠረጴዛ ቴኒስ ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. እዚያው ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ውስጥ በአካል ጉዳተኞች የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አንደኛ ወጣ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ኤግዚስተንሺያል ቴራፒ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና አለ። አበበ ይህን ታክሟል ማለቴ አይደለም፤ ሕክምናው የሚያነሳው ጥያቄ ግን የእሱ ጥያቄ ነው። ከዚህ ሐሳብ ታዋቂ ሐኪሞች አንዱ ቪየናዊው ቪክቶር ፍራንክል ናቸው። በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ታስረው ተርፈዋል፤ ወላጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና ሚስታቸውን ግን አጥተዋል። የደረሰብንን መምረጥ ባንችልም እንዴት እንደምንቀበለው የመምረጥ ድርሻ ይቀረናል ብለው አስተማሩ። በዚህ ሕክምና ባለሙያው መልስ አይሰጥም። ስለ ሞት፣ ስለ ነፃነትና ኃላፊነት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ ኑሮ ትርጉም አብሮ ያወያያል። ሰውየው ያጣውንና የቀረውን ለይቶ ያያል፤ በቀረው ምን እንደሚያደርግ ራሱ ይወስናል።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የጠፋውን ንብረት እንዳልጠፋ አድርጎ መመዝገብ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ በእጅ ያለውን ሳይቆጥሩ መዝገቡን መዝጋትም እንዲሁ ስህተት ነው። አበበ እግሩን እንዳላጣ አላስመሰለም፤ እጁንም አልረሳም።

እውነቱን እንናገር፤ አበበ ውጭ አገር የሚያሳክመው መንግሥት ነበረው። እህታችን ይህ የላትም። ስለዚህ አይዞሽ በርቺ ብቻ ብለን ብንተዋት ሸክሙን ለእሷ ብቻ መተው ነው። ማዘኗ ልክ ነው፤ መናደዷም። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሏት ከሰነበተ ደግሞ ሐኪም ዘንድ አብረናት እንሂድ፤ ይህ ነውር የለበትም።

እሷ ያጣችው ሰፈሩን ነው። ሙያዋ፣ ልጆቿን ያሳደገችበት ጥንካሬዋና እኛ ግን አሁንም አለን። የሚቀጥለውን ወር ቡና በአዲሱ ቤቷ እንድንጠጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። መንገዱ ይረዝማል፤ የታክሲውን እናዋጣ። ስንደርስም ምክር ከመስጠታችን በፊት ከዚህ በኋላ ምን መሥራት እንደምትፈልግ እንጠይቃት፤ እስክትመልስ ድረስም እንጠብቃት።