ጊዬርሞ ሃሮና የአዲስ ከዋክብት ነፋስ

በታኅሣሥ እኩለ ሌሊት የወግዲ ሰማይ ሲጠራ፣ በአንድ መሥመር የተሰለፉ ሦስት ከዋክብት ወደ አናት ይደርሳሉ። ኦሪዮን የተባለው ኅብረ ከዋክብት መካከል ናቸው። በእነርሱ አካባቢ ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና አለ፤ በውስጡም አዳዲስ ከዋክብት ይወለዳሉ። የዚህን ልደት ምልክት ካገኙት አንዱ የድኻ አገር ልጅ ነበርና ታሪኩን ለጓደኞቻችን ማካፈል ወደድን።

ጊዬርሞ ሃሮ በ1913 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ ተወለደ። አገሩን እናውቃታለን፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትይዝ ወረራውን አልቀበልም ያለች፣ በአዲስ አበባም አደባባይ የተሰየመላት ናት። ሃሮ የተማረው ፍልስፍና ነው፤ ጋዜጠኛም ሆኖ ሠርቷል። የከዋክብት ፍቅር ግን በ1942 ወደ ተከፈተው ወደ ቶናንሲንትላ የከዋክብት መመልከቻ ወሰደው። በ1943 የሉዊስ ኤንሪኬ ኤሮ ረዳት ሆነ፤ ወደ ሃርቫርድም ሄዶ ሙያውን ቀሰመ።

ተመልሶ ሰፊ ሰማይ በሚያነሣው የሽሚት ካሜራ ኦሪዮንን ሲመረምር፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግዳ የሆኑ ትናንሽ የብርሃን ጉድፎች አገኘ። የሚያበራቸው ትኩስ ኮከብ በአጠገባቸው አልነበረም። አሜሪካዊው ጆርጅ ሄርቢግም ለብቻው ይህንኑ ስላገኘ፣ በሁለቱ ስም ተጠሩ።

በመጀመሪያ ብዙዎች ራሳቸው አዲስ ከዋክብት መሰሏቸው። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን ነገሩ ተገለጠ። አዲሱ ኮከብ ከዙሪያው ጋዝ ሲስብ፣ ከፊሉን በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ በሰከንድ በመቶ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር እያስፈነጠረ ይወረውራል። ያም ነፋስ ደመናውን ሲመታው ጋዙ ይግላል፤ ያበራልም። ገበሬ በአውድማ ላይ ምርቱን ሲያዘራ ነፋስ ገለባውን እንደሚወስድ፣ የኮከቡም ነፋስ የደመናውን ከፊል ይጠርገዋል። ስለዚህ ኮከቡ የተወለደበትን ደመና ሁሉ አይበላም።

ሃሮ በስሙ መጠራት አልበቃውም። ወጣቶችን ወደ ውጭ እየላከ አስተማረ፤ በ1971ም ቶናንሲንትላን የፈለክ፣ የብርሃንና የኤሌክትሮኒክስ ምርምር ብሔራዊ ተቋም አደረገው። ኮከብ የሚመለከት አገር መሣሪያውንም መሥራት እንዲችል ነው። በ1988 ዐረፈ።

በእኛም አገር በእንጦጦ ተራራ ላይ የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። መሣሪያ ግን ያለ ሰው አያይም። ሃሮ ከካሜራው ይልቅ የደከመው ለሰዎቹ ነበርና፣ ከእርሱ መማር የሚገባን ይህንኑ ነው።