ጌታ አልባው የሙዚቃ ደራሲ፤ ዎልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት

የሞዛርት ስም በተነሣ ቍጥር ብዙ ጊዜ የሚወራው በሕፃንነቱ በነገሥታት ፊት መጫወቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ ልናወሳ የፈለግነው ሕፃኑን ሳይሆን፣ በ25 ዓመቱ የተቈረጠለትን ደመወዝ ትቶ የወጣውን ወጣት ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ከዚህ ግቢ ወጥተን እንጀራችንን ለምንፈልግ ለእኛ የእርሱ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ሞዛርት በ1756 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሳልዝቡርግ ከተማ ተወለደ። ከተማዪቱን ይገዛ የነበረው ሊቀ ጳጳስ ሲሆን የመንፈሳዊውም የዓለማዊውም ሥልጣን በእጁ ነበር። አባቱ ሌኦፖልድ በሊቀ ጳጳሱ ግቢ ቫዮሊን ተጫዋች ነበርና ልጁን አስተምሮ በአውሮፓ ከተሞች እያዞረ አሳየው። ልጁም ከ1779 ጀምሮ በዓመት 450 ጉልደን እየተከፈለው የግቢው ኦርጋን ተጫዋች ሆነ።

በዚያ ዘመን የሙዚቃ ደራሲ ማለት የጌታ ሎሌ ማለት ነበር። ታላቁ ሃይድን እንኳ የኤስተርሃዚ መሳፍንት ያለበሱትን የአሽከር ልብስ ለብሶ 30 ዓመት ያህል አገልግሏል።

በ1781 ሊቀ ጳጳሱ ኮሎሬዶ ወደ ቪየና በሄደ ጊዜ ሞዛርትን አስጠራው። ምሳ ሲቀርብ የጌታው የቅርብ አሽከሮች በገበታው ራስ ተቀመጡ፤ ሞዛርት ከእነርሱ በታች፣ ከወጥ ቤቶቹ በላይ ሆነ። ግብር ላይ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ አጥብቆ ሲያስተውል ለኖረ ለአገራችን ሰው የዚህ ትርጉም አይጠፋውም። ይልቁንም ያንገበገበው ሌላ ነበር። አንድ ምሽት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ቤት የተጫወቱ ሙዚቀኞች የእርሱን የዓመት ደመወዝ ግማሽ ያህል ሲያገኙ፣ እርሱ ለጌታው ሊጫወት ግድ ስለሆነበት ቀረበት። በሜይ ወር ተጣልቶ ስንብት ጠየቀ። በጁን ወር ካውንት አርኮ የተባለ የግቢው ሹም በእርግጫ መትቶ ከበር አስወጣው። አባቱ እንዲመለስ ቢወተውተውም አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የሚኖረው እንዴት ነው? ጧት ለመኳንንት ልጆች ፒያኖ ያስተምራል፤ ድርሰቱን ለአሳታሚ ይሸጣል፤ አዳራሽ ተከራይቶ ሙዚቃ ያሰማል። በ1782 ባቀረበው ኦፔራ 100 ዱካት ተከፈለው። ነገር ግን የደራሲን መብት የሚጠብቅ ሕግ ስላልነበረ ሌሎች ከተሞች ያንኑ ሥራ ደጋግመው ሲያሳዩ ለእርሱ አንዳች አይደርሰውም ነበር። በ1784 ለሦስት ምሽት ሙዚቃ አስቀድመው ገንዘብ የከፈሉ 174 ሰዎች ተመዘገቡለት። በዚያው ዓመት ብቻ ስድስት የፒያኖ ኮንቸርቶ ጻፈ። ገቢው እንዳደገ ወጪውም አደገ፤ የቤት ኪራዩ ብቻ ከቀድሞው የዓመት ደመወዙ አያንስም ነበር።

በ1786 የፊጋሮን ሠርግ አቀረበ። መነሻው በቪየና መድረክ እንዳይታይ የተከለከለ ተውኔት ነው፤ በውስጡም አሽከር ጌታውን ካውንቱን በብልኃት ያሸንፈዋል። የቃሉ ደራሲ ዳ ፖንቴ እንዳወሳው ርእሱን ያቀረበው ሞዛርት ራሱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት በካውንት እግር የተመታ ሰው ይህን መምረጡ ለእኛ በአጋጣሚ አይመስለንም።

በ1787 መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ በዓመት 800 ጉልደን ሾመው፤ ሥራውም በአብዛኛው ለቤተ መንግሥቱ ጭፈራ ዜማ መጻፍ ነበር። በ1788 ከቱርክ ጋር ጦርነት ተነሣ፤ መኳንንቱም ከቪየና ተበተኑ፤ ለሙዚቃ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ደረቀ። ሚስቱ ኮንስታንዜ ታመመች። ሞዛርትም ፑክበርግ የተባለውን ነጋዴ ወዳጁን በደብዳቤ እየደጋገመ ብድር ለመነ። በ1789 እንደ ቀድሞው የምዝገባ ዝርዝር ቢያዞር ከሁለት ሳምንት በኋላ የተገኘው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም የባሮን ቫን ስቪተን ነው።

ከ174 ወደ 1። ከአንድ ጌታ የሸሸው ሰው ለብዙ ጌቶች ማደሩን፣ እነዚያም ሲሄዱ ደኅና ሁን እንኳ እንደማይሉት ያየው በዚህ ጊዜ ነው። ቢሆንም በ1788 በጋ፣ በብድሩ መካከል፣ ሦስቱን የመጨረሻ ሲምፎኒዎች በሁለት ወር ውስጥ ፈጸመ።

ዲሴምበር 5 ቀን 1791 በ35 ዓመቱ ሲሞት ዕዳ ትቶ ነበር። በዘመኑ ደንብም እንደ ተራው ሕዝብ ተቀበረ። ዕዳውን የከፈለችው ኮንስታንዜ ናት፤ የከፈለችውም የእርሱን ሙዚቃ እያሰማች ነው።

ይህን ስንጽፍ የደመወዝ ሥራን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሃይድንም በሎሌነቱ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ነጻነት በነጻ ይገኛል ማለትም አይደለም። ሞዛርት ከ1784 ጀምሮ የጨረሰውን እያንዳንዱን ድርሰት ከነቀኑ የሚመዘግብበት አንድ ደብተር ነበረው። የመጨረሻው ጽሑፍ የኖቬምበር 1791 ነው፤ ከእርሱም በኋላ ባዶ ገጾች ቀርተዋል። በዚያ ደብተር በብድርም በሀብትም ጊዜ የገባው ሥራ ነው። የእኛስ ደብተር ምን ይመዘገብበት ይሆን? ማን በላያችን ተቀመጠ፣ ማን በታቻችን የሚል ብቻ እንዳይሆን እንመኛለን።